ሦስት ጓጉንቸር ለአንድ ገንዳ

በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛውን ጓጉንቸር ሊገዙ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የገቡት ሽማግሌ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ግድግዳ ሲያቆሙ የኖሩ ግንበኛ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መዶሻቸውን ሰቅለው ቁልፍ መያዝ ስላበዙ የግቢው ሰው "አባ ጓጉንቸር" ይላቸዋል፤ በፊታቸው ግን ማንም አይደፍርም። ባለሱቁ ገና ከበሩ ሲያያቸው ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«አባባ፣ የባለፈው ሳምንቱስ ምን ሆነ? ሰበሩት እንዴ?»

«አልሰበሩትም። የዛሬ ጊዜ ሌባ ቁልፉን ሳይነካ ውሃውን ይወስዳል። በል እስቲ ወፍራሙን አምጣልኝ።»

በዚህ መካከል አንዲት ወጣት ሴት ገብታ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ አሥር ሜትር ይቆረጥልኝ አለች። ሽማግሌው ጎማውን ሲያዩ ጓጉንቸሩን ረሱት።

«ለውሃ ልክ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«አዎ፣ አባባ። የአሸንዳ ቁልቁለት ልለካበት ነው።»

«ይገርማል! የዘንድሮ ልጅ ሁሉ በስልኩ የሚለካ መስሎኝ ነበር።»

«ስልክም አለኝ። ግን ስልክ ይሳሳታል፤ ጎማ ውስጥ ያለ ውሃ አይሳሳትም። ይህን ያስተማሩኝ እንደ እርስዎ ያሉ ግንበኞች ናቸው።»

ሽማግሌው በዚህ መልስ ደስ ሊላቸው ሲል፣ ልጅቷ ዝቅ ብላ «ጎረቤትዎ ነኝ እኮ፤ የልብስ አጣቢዋ የእህት ልጅ» አለቻቸው። ደስታው እዚያው ቀረ። የውሃ ትምህርት ጨርሳ መጥታ በየቤቱ እያንኳኳች ወረቀት የምታስፈርመው ልጅ ይህች ናት። የእሳቸውን በር ሁለት ጊዜ አንኳኩታ፣ ሁለቱንም ጊዜ የሉም አስብለዋታል። ያም ሆኖ መንገዳቸው አንድ ነበርና አብረው ወጡ።

የሚኖሩበት ግቢ ዘጠኝ ቤት አለው። ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ዘጠኙም ቤት በየተራው ጎማ ይዘረጋል። ሰፊ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የግንበኛው ቤት ነው። ከባለቤታቸው መኝታ ቤት ሥር ደግሞ በገዛ እጃቸው የገነቡት የውሃ ገንዳ አለ። ልጅቷ የምትለው የዘጠኙ ቤት ጣሪያ በአሸንዳ ተያይዞ የዝናቡ ውሃ በማጣሪያ አልፎ እዚያ ገንዳ ይግባ፣ ሁሉም በጋራ ይጠቀም ነው። ስምንቱ ቤት ፈርሟል።

«ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው ትንሽ እንደ ሄዱ፣ «ነገርሽን ሰምቻለሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው። የኔ ውሃ ግን ከእግሬ ሥር ነው ያለው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አባባ፣ የእርስዎስ ላም ወተቷን እያሳየችዎት ነው? ይሄ ስንተኛው ጓጉንቸር ነው?»

ሽማግሌው ሊቆጡ አስበው ሳቃቸው ቀደማቸው።

«ምላስሽስ የአክስትሽ ነው። እሺ፣ ይሁን። ግን የጋራ ነገር ባለቤት የለውም። ስንት የጋራ ሕንፃ ሠርቻለሁ! የደረጃው አምፖል ሲቃጠል የሚቀይረው አንድ ሰው አይገኝም። ያ አሸንዳ በቅጠል ሲደፈን መሰላል የሚወጣው ማን ነው? አንቺ እንደሆነ ሥራ ተቀይረሽ ትሄጃለሽ።»

«እውነትዎን ነው፣ እኔ እሄዳለሁ። ለዚህም ነው ወረቀቱ ላይ ከምንም በፊት የጽዳት ተራው የተጻፈው። የደረጃው አምፖል ተራ አልነበረውም፤ ተራ ቢኖረው ኖሮ የማን ጥፋት እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ደግሞ በየቤታችን ብቻችንን ስንይዘው ምን እንደምናደርግ ያዩ ይመስለኛል። ባለፈው ቧንቧ የመጣ ቀን ዘጠኙም ቤት፣ አዲሱን ለመያዝ ሲል የተረፈውን "አሮጌ ነው" እያለ ወደ ቦይ ደፋው። አክስቴም ደፋች። በአራተኛው ቀን ደግሞ ጆግ ይዘን አንዳችን የሌላችንን በር እናንኳኳለን።»

ሽማግሌው እሳቸውም ሁለት ባልዲ መድፋታቸው ትዝ አላቸው። ከአንድ አጥር ጥላ ሥር ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔን ስስታም ይሉኛል፤ ይበሉ። ባለቤቴ የወደቀች ቀን ፊቷን የማብስበት ውሃ ቤቴ ውስጥ አልነበረም። ቧንቧው ከደረቀ ስምንት ቀኑ ነበር። ከቤት ቤት ዞሬ አንድ ኩባያ ያገኘሁት ሦስተኛው በር ላይ ነው። ያን ቀን ማልኩ። ገንዳውን መቆፈር የጀመርኩትም በዚያው ሳምንት ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አልጋ ላይ ናት። ገላዋ በየቀኑ ይታበሳል፣ አንሶላዋ በየቀኑ ይታጠባል። ታዲያ ይህን ውሃ ለዘጠኝ ቤት አካፍል ነው የምትይኝ?»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሐዘኑን ሲያወራ እሱ ማስረዳቱን ይቀጥላል። ልጅቷ ግን ማስረዳቷን ተወች። በዝግታ ጠየቀች።

«ሦስተኛው በር የማን ነበር፣ አባባ?»

«የአክስትሽ» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ዛሬ ውሃ ትሰርቀኛለች ብለው የጠረጠሩት፣ ሰላምታም የነፈጉት እሷኑ መሆኑን ግን ዋጡት።

«ውሃው ለባለቤትዎ እንዳይጎድል እኔም እመኛለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ቀየሩ። ግድግዳውንስ አይተውታል?»

«እኔ የገነባሁት ያፈሳል ልትይ ነው?» አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው መንገደኛ አስዞረ።

«እኔ አላልኩም፤ ውሃው ይናገር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በውሃው ልክ ግድግዳውን በምስማር ይጫሩት። በአዲሱ ጓጉንቸር ይዝጉትና እስከ ጠዋት አይቅዱ። ሌባ ካለ ወረቀቴን ቀድጄ አብሬዎት እፈልገዋለሁ።»

«ከሌለስ?»

«ከሌለ ሌላ ጓጉንቸር አይግዙ።»

ሽማግሌው እንደተባሉት አደረጉ፤ ከተባሉትም በላይ። ግድግዳውን ጫሩ፣ ቆለፉ፣ የሌባው ኮቴ እንዲታይ በክዳኑ ዙሪያ አመድ በተኑ። ሲነጋ አመዱ አልተነካም፤ ጓጉንቸሩም እንደተዘጋ ነው። ክዳኑን አንሥተው ባትሪ ቢያበሩ ውሃው ከጭረቱ አራት ጣት ወርዷል።

በደረታቸው ተኝተው ሲመለከቱ፣ በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደ ጥቁር እርጥብ መስመር አዩ። ወዲያው አወቁት። ግንቡ እዚያ ከፍታ ላይ ሲደርስ ባለቤታቸው ብሶባቸው ሆስፒታል ገቡ፤ እሳቸውም ሦስት ቀን ከአልጋው ሥር ሳይነሡ አደሩ። በአራተኛው ቀን ሲመለሱ የደረቀውን ግንብ ሳይፍቁ፣ ሳያረጥቡ አዲሱን ጫኑበት። ለደቀ መዝሙሮቻቸው ሁሉ «አሮጌና አዲስ ሲሚንቶ ሳያስታርቁ አያጋቡ» እያሉ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው፣ ያን ቀን ልባቸው እዚያ አልነበረም። የፈሰሰው ውሃ ሁሉ የፈሰሰው በዚያች በሦስት ቀን ሐዘን በኩል ነው።

ወደ ጓሮ ወጡ። አጣቢዋ የባለቤታቸውን አንሶላ እያሰጣች ነበር። ከአጠገቧ ሁሉም ሰው የሚገረምበት የሎሚ ዛፍ ቆሟል፤ በበጋ የግቢው ተክል ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ግን ያፈራል። ለግቢው ሁሉ ሎሚ የምታድለው እሷ ናት። ሽማግሌው ከግንዱ ሥር ያለውን አፈር በጫማቸው ነካ አደረጉት፤ ርሷል።

«የኔ እህት፣» አሉ፣ «ውሃዬን የወሰድሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሰላምታ የተወ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይጠፋኝም።»

«ታዲያ አንሶላውን ማጠብ ለምን አልተውሽም?»

አጣቢዋ መቆንጠጫውን ከአፏ አወጣች። «የታመሙት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

የሽማግሌው እንባ መጣ፤ እሱንም አልደበቁት።

ልጅቷ ተጠርታ መጣችና ገንዳው ይጠገናል አለች፤ ግን መጀመሪያ ባዶ መሆን አለበት። የሚደፋ መስሏቸው ሽማግሌው ደነገጡ።

«ለምን ይደፋል? በየቤቱ በርሜል አለ። ስምንቱ ቤት ይያዝልዎ።»

«ባይመልሱስ?»

«ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስልዎ አልችልም፣ አባባ።»

ይህ ለእሳቸው ከባድ ነገር ነበር። ልጅቷ ያቀረበችው ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ አለቀ፤ ከዚህ ወዲያ ያለውን ማመን እንጂ ማስረዳት አያሻግረውም። ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ገብተው ነገሩን አንድ በአንድ ነገሯቸው። ከወደቁ ወዲህ ባለቤታቸው የሚናገሩት አንዳንድ ቃል ብቻ ነው። ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና «ስጣቸው» አሉ።

ያን ዕለት ግቢው ተሰለፈ። ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ የገንዳው ውሃ ወጥቶ በየበርሜሉ አደረ። ለአባ ጓጉንቸር ቤት የቀረው አንድ ጀሪካን ነበር። በማግስቱ ሽማግሌው በሩን ከፍተው፣ ወንበራቸውን በሩ ፊት አድርገው ተቀመጡ። ፀሐይ ሳትጠነክር የጥግ ቤቷ አስተማሪ አንድ ባልዲ ሙሉ ውሃ አስቀመጠች፤ «ለእማማ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። ቀጥሎ ታክሲ ነጂው መጣ። ቀጥሎ አጣቢዋ።

ጥገናው አምስት ቀን ፈጀ። አሮጌውን ግንብ ፍቀው፣ አርጥበው፣ አዲሱን በእርጋታ አጋቡት፤ ባትሪ የያዘችላቸው ልጅቷ ናት። በሦስተኛው ቀን መምጣት የነበረበት ቧንቧ ሳይመጣ ቀረ። ሽማግሌው «አሁን አበቃ» አሉ በልባቸው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን ባልዲው እንደ ወትሮው በር ላይ ነበር። ሰዎቹ ከራሳቸው ቀንሰው ማምጣታቸውን ያወቁት፣ አስተማሪዋ ልብሷን ሳታጥብ በትናንቱ ልብስ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ሲያዩ ነው። ልጅቷን ጠርተው «ወረቀቱን አምጪ» አሉ። ከፈረሙ በኋላ የአሸንዳ ጽዳት ተራው ላይ አንደኛ ብለው ራሳቸውን አስጻፉ።

በማግስቱ ሦስቱንም ጓጉንቸር በከረጢት ይዘው ሱቅ ሄዱ።

«በአሸንዳ ማንጠልጠያ ለውጥልኝ።»

«አባባ፣ ያገለገለ ዕቃ አልመልስም።»

«ምን አገለገለ! አንድም ቀን አላገለገለኝም እኮ» አሉት። ባለሱቁ ስቆ ለወጠላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግቢው ራሱ ይመሰክራል። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ቀጥሎ ያለው በጠጠርና በአሸዋ ተጣርቶ ገንዳ ይገባል። ገንዳው ስለማያፈስ ድሮ የሁሉንም ተራ ይበላ የነበረው የግንበኛው ጎማ አሁን ቶሎ ይነሣል። አሮጌ ነው ተብሎ የሚደፋ ውሃ የለም። በውሃ እጦት ከተማ ልትለቅ ታስብ የነበረችው አጣቢዋም ሐሳቧን ትታለች፤ ያለቀለቀችበት ውሃ በቦይ ወደ መጸዳጃ ቤቱና ወደ ሎሚው ይሄዳል። ሎሚው ድሮ በስህተት የሚጠጣውን ዛሬ በፈቃድ ይጠጣል ማለት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚሉት አበው እንዲህ ያለውን አይተው ይሆናል።

ከአዲሱ አሸንዳ የተጣራ ዝናብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ገንዳው የወረደ ዕለት ሽማግሌው የባለቤታቸውን ፊት በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ ነበር። ከወለሉ ሥር የውሃ ድምፅ ተሰማ። ባለቤታቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነው... የሚቀዳው?»

ሽማግሌው ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ነክረው ጨመቁት፤ ባልዲው የየትኛው ቤት እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ባልዲ መካከል መለየት ካቆሙ ሰንብተዋል።

«ማንም እየቀዳ አይደለም፣ የኔ እመቤት» አሏቸው። «የጎረቤቶቻችን ጣሪያ ነው፤ ለአንቺ እየላከ።»