የኦቾሎኒ ሹራብ

ና ግባ ኦርቪል፣ በሩን ዝጋው፣ ብርዱ አብሮህ ገባ። መንገዱ እንዴት ነው? በረዶ ጠራጊው መኪና ዛሬም ደጅህ ላይ ከምሮልህ ሄደ? … የዱሉዝ ክረምት ነው፣ ምን ይደረጋል። በል ቁጭ በል። ውሻህ ኦቾሎኒ ታጥቦ እየደረቀ ነው፣ አሁን ያመጡልሃል። እስከዚያ ላጫውትህ። ድምፄን ቀነስ አደርጋለሁ… እዚያ ጥግ ቡችላ ሊወስዱ የመጡ እመቤት ተቀምጠዋል፣ ስለ እሳቸው የማወራ እንዳይመስላቸው።

ዓይኑን አትፍራ። አንደኛው ዓይኑ ያነባል፣ በቃ። ጠዋትና ማታ አንድ ጠብታ መድኃኒት ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል ብለህ እንቅልፍ እንዳጣህ ልጅህ ነግራኛለች። ጠብታው ጆሮው ላይ ቢያርፍስ ምን ይልሃል? ይልስሃል እንጂ።

አንተ ሁለተኛ ቤቱ ነህ። መጀመሪያ የወሰደችው ሴትዮ… ውይ፣ እንዴት ያለች ሰው መሰለችህ። እንደ እሷ ውሻ የሚወድ አላየሁም። ገና ከዚህ መጠለያ በር ሳትወጣ ፎቶውን ለአገር ምድሩ ላከች። ስሙንም ባሮን አለችው። ኦቾሎኒ የሚባል ስም ለእሷ ቤት ይመጥናል እንዴ? የስኮትላንድ መኳንንት የሚያሳድጉት ዘር ነው ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረች፤ ባለ መስመር ቀይ ሹራብም ከዚያው አገር አስመጣችለት። እኛ መሃይሞቹ… ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ስናነሳው መኳንንቱ የት እንደሄዱ አልጠየቅንም።

ከዚያ ምራቁን በጥጥ ወስዳ ለዘር ምርመራ ላከች። ውጤቱ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ድግስ። ኬኩ በአጥንት ቅርጽ፣ እንግዳው ተሰብስቦ ዘሩን ይገምታል። እኔም ተጠርቼ ነበር፣ ደግ ናት አልኩህ እኮ። ስልኳን ከፍታ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች… ድምጿ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ለካ ያልተቀላቀለበት ዘር የለም። ቺዋዋው፣ ፑድሉ፣ አይጥ አዳኙ… የቀሩት መኳንንቱ ብቻ ናቸው። እኔ ኬኬን በላሁ። ጥሩ ኬክ ነበር።

የሚገርምህ፣ በማግስቱ የዓይኑ ሕመም ጠናበት። እኔ ሳየው እንደ ድሮው ነው፣ ግን እኔ ምን አውቃለሁ? እናቱ እሷ ናት። "ሲያነባ ማየት አልቻልኩም፣ ልቤ ስስ ነው" ብላ መለሰችው። እውነቷን ነው፣ እንዲህ ያለ ልብ ይዞ መኖር መቼም ከባድ ነው። ሹራቡን ግን አውልቃ ይዛው ሄደች፤ ለማስታወሻ ነዋ። ያን ቀን ሐይቁ እንኳ ግግር በረዶ ሆኖ ነበር። ውሻው እስኪመሽ ድረስ በሩን እያየ ቆመ። እኔም… ምን ልደብቅህ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

እስቲ እየው፣ እኚያ እመቤት ጭን ላይ ያለውን ሹራብ። ቀይ፣ ባለ መስመር። ሲያምር። አጋጣሚ አይደል? ለአዲሱ ቡችላ ይሆናል… የቡችላውስ ዘር ተጣርቷል?

መጣልህ፣ ይኸው ኦቾሎኒ። ገመዱን ያዝ… አይ ተወው፣ ልቀቀው። ወዴት ነው የሚሮጠው? ወደ እመቤቲቱ? ጭራውን እንዴት እንደሚቆላ ተመልከት፤ ጫማቸውን ሁሉ እየላሰ። ከየት ያውቃቸዋል? … ውሻ ቂም አያውቅም ኦርቪል። እኔ ግን ውሻ አይደለሁም።

በል አንተም ጥራው። ኦቾሎኒ በለው… አየህ? ዞረ። ወደ አንተ እየመጣ ነው። ከእንግዲህ ያንተ ነው። ካፖርትህ ውስጥ አስገባው፣ ውጭው ብርድ ነው።

ከመሄድህ በፊት ግን ያቺን ሴትዮ እንመርቃት፤ እሷ ባትመልሰው አንተ ከየት ታገኘው ነበር? እርስዎም አሜን ቢሉልን ደስ ይለኛል፣ እመቤቴ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣት። ልጅ የልጅ ልጅ ይክበባት። አርጅታ ዓይኗ ማንባት ሲጀምር ደግሞ… ልጆቿ ልክ ውሻዋን እንደወደደችው አድርገው ይውደዷት።