የኮሚሽኑ ወንበር

እሑድ ረፋድ ነው፤ አገሪቱ ድንበር ተሻግራ የተዋጋችበትን የድሮ ጦርነት ለሚመረምረው ነጻ ኮሚሽን የሰፈሩ ሰው ነገ አባል ሊጠቁም ስለሆነ፣ ጡረተኛው ሻምበል ዘገየ ጎረቤቱን ወይዘሮ ይመኙሻልን ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ አቁሟቸዋል።

ሻምበል፦ ነገ ስሜ ሲጠራ እጅዎን ያንሱልኝ ነው ያልኩት፤ ሌላ ምን አልኩ? እርስዎ ካነሱ እኮ የጽዋ ማኅበሩ በሙሉ ያነሳል።

ይመኙሻል፦ ጠበሉ ከአፌ ሳይደርቅ ፖለቲካ አመጣህብኝ።

ሻምበል፦ ፖለቲካ አይደለም፣ የእውነት ጉዳይ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ?

ይመኙሻል፦ ስንት ዓመት አደረ እኮ የኔ ጌታ። ይሄ ሌሊት እንዴት ያለ ነው?

ሻምበል፦ ለዚህ ነዋ ጦርነት የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልገው። የሰፈራችንን አስተማሪ ሊጠቁሙት ነው አሉ። ያ ሰው ተኩስ የሰማው ሠርግ ቤት ነው።

ይመኙሻል፦ ታዲያ ነጻ ማለት እሱ አይደል? የደብሩን አለቃ ጠይቄያቸው፣ ነገሩ ውስጥ እጁ የሌለበት ማለት ነው አሉኝ። አንተ ደግሞ ያን ሁሉ ልጅ ይዘህ የተሻገርክ ነህ።

ሻምበል፦ ታዝዤ ነው። ወታደር ለምን አይልም።

ይመኙሻል፦ እኔም አላልኩህም። ለልጄ ለአስማረዬ ስለት ስገባ እንኳ «ከነአለቃው በሰላም መልስልኝ» ነበር የምለው። ገብርኤል ግማሹን ሰማኝ።

ሻምበል፦ እትዬ፣ አስማረ በጀግንነት ነው የወደቀ። ነግሬዎታለሁ።

ይመኙሻል፦ ነግረኸኛል። እኔ የጠየቅሁህ ግን የት ብዬ ነው። በጀግንነት የሚባል አገር አለ እንዴ?

ሻምበል፦ በሥላሴ፣ ዛሬ ይሄን አናንሳ። እኔ እዚያ ከገባሁ ሁሉም ይጣራል፣ የአስማረም።

ይመኙሻል፦ ማን ይጠይቅህና? እነ ማንደፍሮ በአጥር የተጣሉ ለት፣ ሽማግሌ ሆነህ ተቀምጠህ፣ አብሮህ ለሽምግልና የተቀመጠውን ወንድሜን ምን አልከው?

ሻምበል፦ እሱ ሌላ ነው።

ይመኙሻል፦ «አንተ አጥሩ ሲገፋ ችካል ያቀበልክ ነህ፤ ተነስና ከባለጉዳዮቹ ጎን ቁም» አልከው። እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ እሱ እስከ ዛሬ ሰላም አይልህም። እውነትህን ነበር ግን። ነገሩ ውስጥ የነበረ ይመሰክራል እንጂ አይዳኝም።

ሻምበል፦ እና አስተማሪው ይፍረድብኝ?

ይመኙሻል፦ ይጠይቅህ። እሱ ይጠይቅ፣ አንተ መልስ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ልስማ።

ሻምበል፦ ከተናገርኩ... እትዬ፣ ከተናገርኩ ዓይኔን የሚያዩኝ አይመስለኝም።

ይመኙሻል፦ ዓይንህንማ መች አይቼው አውቃለሁ? እኔን ባገኘህ ቁጥር ጫማህን ነው የምታየው።

ሻምበል፦ ታዲያ ምን ላድርግ?

ይመኙሻል፦ ነገ የአስተማሪውን ስም አንተው ጥራ። ዛሬ ግን ግባና የት እንደተውከው ንገረኝ። እኔ ኮሚሽን አይደለሁም፤ እናቱ ነኝ።