የቦቢ የጉዞ ቦርሳ

(አርብ ከሰዓት፣ ጎፋ ውስጥ ባለ የኪራይ ቤት። ስምዖን ነገ ከጓደኞቹ ጋር ሱባ ጫካ በእግር ሊጓዝ ነው፤ ውሻቸውን ቦቢን ይዞ። ሚስቱ ኤልዳና የውሻውን የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ ትሸክፋለች።)

ስምዖን፦ በቃሽ ኤልዱ። የምንሄደው ጫካ እንጂ ጦር ሜዳ አይደለም።

ኤልዳና፦ ባለፈው የጓደኛህን ውሻ ጠርሙስ ሲቆርጠው በካልሲ ነው ያሰራችሁለት። ይቺን ያዝ፤ ወረንጦ ናት። እሾህ ከወጋው፣ መዥገር ከያዘው፣ ከሥሩ ይዘህ ቀጥ አድርገህ ትስባለህ።

ስምዖን፦ እሺ።

ኤልዳና፦ ይሄ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነው፣ ለቁስል ማጠቢያ። አመመው ብለህ ደግሞ ያንተን የራስ ምታት ኪኒን እንዳትሰጠው፤ ሊገድለው ይችላል። የመመለሻ ምግቡን እዚህ ኪስ ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

ስምዖን፦ የመመለሻውን ተይው፣ ይከብዳል።

ኤልዳና፦ አንድ ጭብጥ ምግብ ነው የሚከብድህ?

ስምዖን፦ ከምንበላው እሰጠዋለሁ አልኩሽ እኮ።

ኤልዳና፦ እንደፈለግክ። አሁን አፉን አስረህ አሳየኝ።

ስምዖን፦ ምን?

ኤልዳና፦ የተጎዳ ውሻ ያጎረሰውን ሰው ሳይቀር ይነክሳል። ከማከምህ በፊት አፉን በፋሻ ታስራለህ። ትንፋሽ ካጠረው ወይ ካስመለሰው ግን እንዳትሞክረው። ከላይ አንዴ አዙር፣ ከታች አቋርጥ፣ ከጆሮው ኋላ ቋጥር። በል።

ስምዖን፦ እዚያ ካስፈለገ አደርገዋለሁ።

ኤልዳና፦ አሁን። ነገ ሥራ ላይ ሆኜ ሳስብ እንዳልውል።

ስምዖን፦ ና ቦቢ። ና እንጂ። የት ነው የምትሄደው?

ኤልዳና፦ አልጋ ሥር ገባ እኮ። ምን አደረግከው?

ስምዖን፦ አልነካሁትም። ፋሻውን ፈርቶ ነው።

ኤልዳና፦ ወዲህ በለኝ። ቦቢዬ፣ ና የኔ ጌታ። አየህ? አፍንጫውን ራሱ አምጥቶ ሰጠኝ።

ስምዖን፦ አንቺን ስለሚወድ ነዋ።

ኤልዳና፦ አንተንም ይወድሃል። ከሥራ ስትገባ ዘሎ የሚጠመጠምብህ እሱ ነው። የፈራው ካንተ እጅ ማሰሪያ ሲያይ ነው። ከዚህ በፊት አፉን አስረኸው ታውቃለህ?

ስምዖን፦ ውሻ ስንቱን ይፈራል።

ኤልዳና፦ ጠየቅኩህ ስምዖን።

ስምዖን፦ አንዴ።

ኤልዳና፦ መቼ?

ስምዖን፦ ፋሲካ ሰሞን።

ኤልዳና፦ የጠፋ ጊዜ።

ስምዖን፦ መኪና ውስጥ እንዳይጮህ ብዬ ነው። ከሰበታ ወዲያ ወስጄ ለቀቅኩት። ማሰሪያውን ግን ፈትቼለታለሁ።

ኤልዳና፦ ፈትቼለታለሁ ትለኛለህ ደግሞ። ፎቶውን በየምሰሶው ስለጥፍ ማጣበቂያውን የያዝክልኝ አንተ አልነበርክም? ሳለቅስ «አይዞሽ፣ ይመጣል» ያልከኝስ? መዳፉ ተሰነጣጥቆ ተመልሶ በር ላይ ሲወድቅ አብረኸኝ አጥበኸዋል እኮ።

ስምዖን፦ እትዬ ሸዋረገድ ወይ ውሻውን አስወጡ ወይ ቤቴን ልቀቁ ብለውኛል። በዚህ ኪራይ የት እንገባለን? አንቺን ላለማስጨነቅ ብዬ ነው ለብቻዬ የዋጥኩት።

ኤልዳና፦ ነገስ?

ስምዖን፦ እዚያ አንድ ጥበቃ አለ፣ እሱ ይወስደዋል። ግቢው ሰፊ ነው፣ ደግ ሰው ነው።

ኤልዳና፦ ይሄን ሁሉ ስሸክፍ ታዲያ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ?

ስምዖን፦ ተይው ብልሽ ትጠረጥሪያለሽ ብዬ። ቦርሳውን ለሰውየው ልሰጠው ነበር።

ኤልዳና፦ ከዳኸኝ። ብትነግረኝ አብረን አልቅሰን አብረን እንወስን ነበር። አንተ ግን ያለቀስኩበትን ነገር ደግመህ ልታደርገው ነው፣ በእጄ እያሰናዳሁልህ።

ስምዖን፦ ይቅር በይኝ። ነገ አልሄድም፣ በቃ። ለእትዬ ሸዋረገድም እኔው እነግራቸዋለሁ።

ኤልዳና፦ ንገራቸው። ውሻው ዛሬውኑ ይወጣል በላቸው፤ እኔም አብሬው እወጣለሁ። ቤቱ ተርፎልሃል።