ከቅዳሴ በኋላ የተዋጠችው ክኒን

እኔ ሕሩይ እባላለሁ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ጀርመን አገር፣ ኒደርራድ በሚባል ሰፈር፣ ቢሮ ውስጥ ወንበር ሳሞቅ ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ መኪና መንዳት ግን ሳልማር አረጀሁ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሰፈራችን ፕሮይንገስሃይም የሚመልሱኝ ጎረቤቴ አቶ ሐዲስ ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድተው አንድም ሰው ያልነኩ ኩሩ ሹፌር ናቸው።

ባለፈው ግንቦት አንድ እሑድ እሳቸው መሪውን ጨብጠው፣ እኔ ከጎናቸው፣ የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዳጊ ከኋላ ሆነን ስንመለስ፣ የሰፈራችንን ልጅ ፀሎትን ትራም አምልጧት ቆማ አየናት። ፀሎት አፖቴከ በሚሉት መድኃኒት ቤት ውስጥ የሙያ ሥልጠናዋን፣ አውስቢልዱንጓን፣ ልትጨርስ የተቃረበች ወጣት ናት።

«ግቢ ልጄ፣ መንገዳችን አንድ ነው» አሏት አቶ ሐዲስ። እሷም አመስግና ከዳጊ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ሐዲስ በአንድ እጃቸው እየነዱ በሌላው ክንዳቸውን ሲያኩ አየችና፣

«ጋሼ፣ ክንድዎ ምን ሆነ?» አለች።

«አለርጂ ነው እባክሽ። በዚህ ወር የዛፉ ብናኝ ሲነሣ ሰውነቴን ጉንዳን የወረረው ይመስለኛል። ደግነቱ የቆዳ ሐኪሙ አንዲት ክኒን አዘዘልኝ። እሷን ከጀመርኩ ወዲህ እንደ ሰው መተኛት ቻልኩ።»

«ማታ ማታ ነው የሚወስዷት?»

«ማታ ነው ያለኝ። ትናንት ግን ልቆርብ ስለነበር ከምሽት ጀምሮ አፌን ዘጋሁ። ዛሬ ከቅዳሴ ወጥቼ ስቀምስ ያለፈችውን ዋጥኳት። አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው።»

ፀሎት ወደ ሹፌሩ ወንበር ጠጋ አለች። አኳኋኗን አልወደድሁትም፤ የመኪናውን ቀበቶ ሳላስበው ጠበቅ አደረግሁት።

«ጋሼ፣ እባክዎን አንድ ቦታ ይቁሙልን» አለች ቀስ ብላ።

«ለምን? ሐኪም ያዘዘውን እንጂ ከሰው ለምኜ አልወሰድኩ!»

«ልክ ነዎት። ሐኪሙ ግን ሰዓቷንም አብሮ አዟል። እንዲህ ማታ የምትታዘዝ የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ስታስታግስ አእምሮንም ታፈዛለች። ለመኝታ ሲሆን ደግ ነው፤ ለመሪ ግን አደጋ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አትወጣም።»

«እኔን ምንም እንቅልፍ አልያዘኝም።»

«የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። ሰው መፍዘዙን ራሱ ላያውቀው ይችላል።»

«ታዲያ ቁርባኔን ልተው ነው የምትይኝ?»

«አይበለውና! ቅዳሜ ማታ የማይወስዱበትን ምክንያት ለሐኪሙ ቢነግሩት መላ አያጣልዎትም። ያመለጠችዎን በገዛ ፈቃድዎ ቀን ላይ መዋጥዎ ነው ስህተቱ።»

«አቶ ሕሩይ፣ ይሰማሉ? በበረዶና በጉም ሃያ ስምንት ዓመት የነዳ ሰው ዛሬ በአንዲት ክኒን ሊማር ነው!»

እኔ ፈሪው ምን አልሁ? «እንግዲህ...» ብዬ ተውሁት። እንዲቆሙ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ዘወትር ያለ አንዳች ክፍያ የሚያደርሰኝን ሰው «አቁም» ማለት ነውር መሰለኝ። ይህ ይሉኝታችን ስንቱን ወገን ገደል እንደ ሰደደ እግዚአብሔር ይወቀው!

ፍሪድበርገር ላንድሽትራሰ በሚባለው ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆምን። መብራቱ ወደ አረንጓዴ ተለወጠ፤ እኛ ግን አልተነሣንም። ወደ አቶ ሐዲስ ዞርሁ። ዐይናቸው ተከፍቷል፤ መብራቱ ላይ ተተክሏል፤ ግን አያየውም። ከኋላችን ጡሩምባ ጮኸ።

«ኦፓ፣ ግሩን!» አለች ዳጊ፤ «አያቴ፣ አረንጓዴ!» ማለቷ ነው።

ሰውየው ደንገጥ ብለው መኪናዋን አስነሡ። ጥቂት እንደ ሄዱ ዳር ያዙና ሞተሩን አጠፉ። ቁልፉንም ነቀሉት።

«ረቡዕ ዕለት» አሉ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ «ማሳከኩ ቢብስብኝ በቀን አንዷን ዋጥኩና ዳጊን ከውሃ ዋና ትምህርቷ ይዣት መጣሁ። ቤት ደረስን። በየት በኩል እንደ መጣሁ ግን አላስታውስም። መንገዱ በሙሉ የለም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናቷም።»

 እኔ ወደ ኋላ ዞሬ የሕፃኗን ፊት አየሁና እንባዬ መጣ።

ከመካከላችን ሌላ የሚነዳ ስላልነበረ፣ መኪናዋን እዚያው ቆልፈን 18 ቁጥር ትራም ለመጠበቅ ሄድን። ፀሎት የአሸናፊነት ወሬ አላወራችም፤ ዝቅ ብላ ጠየቀቻቸው እንጂ።

«ጋሼ፣ የቆዳ ሐኪሙ ከእኛ አፖቴከ የልብ መድኃኒት እንደሚወስዱ ያውቃል?»

«ለቆዳ ሐኪም የልብን ነገር ምን ብዬ ልንገረው?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? አብረው የማይሄዱ መድኃኒቶች አሉ፤ ይህችኛዋም ከአንዳንድ የልብ መድኃኒት ጋር አትስማማም። ነገ ጠዋት ይደውሉለት። የሚወስዱትን ሁሉ ይንገሩት፤ የረቡዑንም ጭምር። ያን ያህል እንቅልፍ የማያመጣ ሌላ የማሳከክ መድኃኒት እንዳለ ይጠይቁት። እሱ እስኪመልስልዎ ሌላ አይጨምሩ፤ መሪም አይንኩ። ያኔ ማሳከኩም ይቀልልዎታል፣ ቁርባንዎም አይጓደልም፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ ያለ ስጋት ይነዳሉ።»

አቶ ሐዲስ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እደውላለሁ ልጄ። ለዳጊ እናትም ዛሬውኑ እነግራታለሁ» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ሐኪም የሰጠን መድኃኒት ያለ ሰዓቱ ከተወሰደ ሌላ መድኃኒት ነው። የመድኃኒቱ መግለጫ ወረቀት ቢከብደን የሚያነብልን ልጅ አናጣም። ጾማችንንና ቁርባናችንን ለሐኪም መንገር ሃይማኖትን ማሳነስ አይደለም፤ ራስንና ሌላውን ማዳን ነው። ይሉኝታ ይዞት ዝም የሚል መንገደኛም ከጥፋቱ ንጹሕ አይደለም፤ ይህን የምለው ስለ ራሴ ነው።

ትራሙ መጣና ገባን። ሁለት ፌርማታ ሳንጓዝ አቶ ሐዲስ አንገታቸውን ደፉና በዳጊ ትንሽ ትከሻ ላይ አንቀላፉ። ከብዷት እንደሆነ ብዬ ልቀሰቅሳቸው እጄን ዘረጋሁ። ዳጊ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በጀርመንኛ፣

«ይተኛ» አለችኝ፤ «አሁን እሱ አይደለም የሚነዳው።»