ተርሚናሉን ያልጠየቀው ሙሽራ

ነይ፣ ነይ! እዚህ ከማሞቂያው አጠገብ ተቀመጪ። ጃኬትሽን ስጪኝ… ውይ፣ እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ! ጄኔቭም እንዲህ ይበርዳል? ባቡሩስ ሞልቶ ነበር? እኔ እኮ ያን ሁሉ መንገድ ቆማ ትመጣለች ብዬ ስጨነቅ ነው የዋልኩት። ጥብስ አዝዣለሁ። እዚህ ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ መንገድ ላይ እንደ ዐብዱ የሚጠብስ የለም፤ ሥጋው ሐላል ነው፣ ሽንኩርቱንም አያሳርረውም። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቁ አሁንም አማርኛውን በፈረንሳይኛ ነው የሚያወራው? … ይሁን፣ ያውራ ብቻ።

እና ረውዳዬ፣ በስልክ “ፊት ለፊት ካልሆነ አልነግርሽም” ያልሽኝ ምንድን ነው? … ሽማግሌ? ለታናሽ እህትሽ? ማን ላከ?

… አሃ። እሱ።

ማሻአላህ! ኧረ ደስ ሲል! ስሙን ግን ቀስ በይ፣ ቤቱ ጠባብ ነው። “እሱ” ካልን ይበቃናል፤ እሱ ራሱ “እሱ” የሚባል ሌላ ሰው ዓለም ላይ መኖሩን አያውቅም።

እና እኔን ልትጠይቂኝ መጣሽ። ልክ ነሽ፤ ከኔ ከዙሀራ በላይ ማን ያውቀዋል? አንድ የሙያ ትምህርት ቤት አብረን ተምረን፣ እዚሁ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን አንድ መሥሪያ ቤት ገብተን፣ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን… እኔ ደግሞ ሰው አላማም፣ ታውቂኛለሽ። ያየሁትን ብቻ ነው የምነግርሽ፤ ያየሁትም ሁሉ ጥሩ ነው። መልክ? መልክማ ሞልቶ ተርፎታል። ሸሚዙን ራሱ ነው የሚተኩሰው። ሲጋራ የለ፣ መጠጥ የለ። በራሱ መተማመኑስ! እንዲያውም ከራሱ ሌላ ማንንም አምኖ አያውቅም።

ያንን የፊደል ማስተማሪያ ፕሮግራም ሰምተሻል አይደል? እናንተ ጄኔቭ፣ ሻትሌን ድረስ መጥተን ያሳየነውን? አንቺ ያን ቀን ሥራ ነበርሽ። እንግዲያው ከሥሩ ልንገርሽ፤ የልጁ ጠባይ ፍንትው ብሎ የወጣው እዚያ ላይ ነው።

እዚህ የተወለዱት ልጆች ፊደል እንዲለዩ ብለን ነው የጀመርነው። ፊደል ይመጣል፣ ልጁ ድምፁን ይጽፋል፤ ካገኘው በቢጫ “ጎበዝ” ይለዋል፣ ከሳተ በቀይ “ተሳስተሃል”። ፊደሉንና ጥያቄውን እኔ ሠራሁ፣ ቀለሙን እሱ። የቀለም ሰው አይደል? ፕሮግራሙ የሚሠራው ተርሚናል ውስጥ ነው… ተርሚናል ማለት ያ ሥዕል የሌለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሚታይበት መስኮት ነው። የአንዱ ሰው ጀርባው ጥቁር ነው፣ የሌላው ነጭ፤ እንደየምርጫው። የእሱ ጥቁር ነው። ስለዚህ ፊደሉን በሙሉ ነጭ አደረገው። ጥቁር ላይ ነጭ… እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ!

“የሌላው ሰው ነጭ ቢሆንስ?” አልኩት።

“ተርሚናል ጥቁር ነው” አለኝ።

“የሁሉም?”

“የሚያውቅ ሰው ሁሉ።”

“መጠየቅ እኮ ይቻላል” አልኩት። ይቻላል ረውዳ! ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ ለተርሚናሉ “ጀርባህ ምን ቀለም ነው?” ብሎ አንዲት መልእክት ይልካል። ተርሚናሉም በቁጥር ይመልስለታል። ከዚያ በመልሱ መሠረት ፊደሉን ማቅለም ነው። አንዳንዱ ተርሚናል ደግሞ ጥያቄው አይገባውም፤ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጥቂት ጠብቀሽ፣ በየትኛውም ላይ የሚታይ ቀለም መርጠሽ ታልፊያለሽ… እንደ ጨዋ ሰው። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? “ዝም ካለኝማ ተስማምቷል ማለት ነው!”

… አይ፣ ስለ ተርሚናል ነው ያለው። ስለ ተርሚናል ነው እኮ! ምነው አፈጠጥሽብኝ? ይኸው ጥብሱም መጣ፣ ብዪ።

ሻትሌን መጣን። አዳራሹ ጢም ብሏል። የሐበሻ ማኅበራችሁ ሊቀ መንበር አቶ ገረመው፣ እኒያ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የተሰደዱት፣ ከረባታቸውን አሥረው ፊት ተቀምጠዋል። የሱ ላፕቶፕ ከፕሮጀክተሩ ጋር አልገጥም ሲል አቶ ገረመው የራሳቸውን አቀረቡ። የአቶ ገረመው ተርሚናል… ነጭ! ምን የመሰለ ነጭ! “ልሞክረው መጀመሪያ?” ብዬ በጆሮው ነገርኩት። በእጁ “ተቀመጪ” አለኝ። እንዴት ያለ ትሕትና ነው፤ ሴት ልጅ እንዳትደክም እኮ ነው!

ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዙሮ፣ “ልጆች፣ ይህ ፊደል ማን ነው?” አለ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ነጭ ላይ ነጭ። ልጆቹ በፈረንሳይኛቸው “ሪያን! ሪያን!” አሉ። ምንም የለም ማለታቸው ነው። እሱ የዙሪክ ሰው፣ ፈረንሳይኛ ከየት ያምጣ? “ሪ” የሚለውን ፊደል ያነበቡ መስሎት፣ “በጣም ጥሩ! ቀጥሉ!” አላቸው።

አትሳቂ እንጂ! መምህር ተማሪውን ማበረታታቱ ምን ያስቃል?

ልጆቹም እንግዲህ ተራ በተራ እየወጡ በግምት መጻፍ ያዙ። ሲስቱ “ተሳስተሃል” የሚለው ቀይ ስለሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሲያገኙት “ጎበዝ” የሚለው ቢጫ ነው፤ ነጭ ላይ ማን ያየዋል? እና ያን ቀን በጄኔቭ ከተማ አንድም ጎበዝ ልጅ ሳይገኝ ቀረ። እናቶች ልጆቻቸውን መቆንጠጥ ጀመሩ። እሱ ግን ሆደ ሰፊ ነው፤ “አትቆጧቸው፣ ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ የአካባቢው ችግር ነው” አለ።

መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም የሚወጣበት ገጽ መጣ። የሱ ስም በትልቁ፣ በቀይ። ከሥሩ የኔ… በነጭ። አልጻፈውም አላልኩም! ወላሂ ጽፎታል። ነጩ ለኔ የደረሰኝ በአጋጣሚ ነው፣ ቀዩም ለሱ እንደዚያው። ሰው አጨበጨበ፤ ለሱ። እኔ ክረምቱን ሙሉ ከሥራ መልስ ዓይኔ እስኪቀላ የደከምኩበት ነገር ነው እኮ! ተነሥቼ ልወጣ ስል ከእናቶቹ መሃል እማማ ለተሚካኤል “ይህንን ነገር በቃ አጥፉት፣ ልጆቹን አስለቀሰ” ብለው ራሳቸው ማውሱን ያዙና ገጹ ላይ ጎተቱት። ጽሑፍ በማውስ ሲጎተት ጀርባው ሰማያዊ ይሆን የለ? ብቅ አለ! “ከዙሀራ ጋር።”

እማማ ጮክ ብለው አነበቡት። “ዙሀራ ማናት? ምን አድርጋ ነው የደበቃችኋት?”

“አልደበቅኋትም እማማ፣ እኔ ጋ ትታያለች” አላቸው።

እኔ ጋ ትታያለች! … ይህን ቃል ስሚልኝ። ሌላው ወንድ ቢሆን እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ከየት ያመጣል?

ከዚያ “አሁኑኑ አስተካክላለሁ” አለ። ጠየቀ? ኧረ ወዲያ! ፕሮግራሙ የአቶ ገረመውን ተርሚናል ጀርባውን ጥቁር እንዲቀባው አዘዘ። ይህም ይቻላል፤ ግን ስትወጪ የነበረውን ቀለም መመለስ አለብሽ፤ የነበረውን ለማወቅ ደግሞ ያው… አስቀድሞ መጠየቅ ነው። እሱ ቀብቶ ወጣ። የአቶ ገረመው የራሳቸው ጽሑፍ ጥቁር፣ ጀርባውም አሁን ጥቁር፤ ቢጽፉ፣ ቢጽፉ፣ ምንም አይታይም። “ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?” አሉት። “አሁን ነው ያማረብዎት” አላቸው። በእንግድነት ገብተሽ የሰው ሳሎን ጥቁር ቀብተሽ፣ “እንዴት ነው፣ አይመችም?” እንደማለት። ለጋስ ነው። የራሱን ቀለም ለሁሉም ያድላል።

እኔ ተነሣሁና አዲስ መስኮት ከፍቼ ያችን ጥያቄ ጻፍኳት፤ ሲወጣም የነበረውን እንዲመልስ አደረግሁ። ተርሚናሉ “ነጭ ነኝ” ብሎ መለሰ። ፊደሎቹ ጥቁር ሆነው ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብለው ወጡ። “ጎበዝ” ሲታይ ልጆቹ እንዴት እንደ ጮኹ! የቅዳሜውን ትምህርት ማን ይምራ ተብሎ ድምፅ ተሰጠ፤ በእጅ ነው፣ አቶ ገረመው ከዘጠና ሰባት ወዲህ ሳጥን የሚባል አጠገባቸው አያስደርሱም። ለኔ አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። ለሱም አልቀረበትም፣ አንድ ሰው አነሣለት። ራስን ማክበር ጥሩ ነው።

ከፋው ብለሽ ነው? ኧረ አይከፋውም! በመመለሻው ባቡር ላይ “ያን ዕድል የፈጠርኩልሽ እኔ ነኝ” አለኝ። አመሰገንኩት። ቀጠለና “ከፊት ተቀምጣ የነበረችውን አየሻት? ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም፤ እስከ መጨረሻው ስትስቅልኝ ነበር” አለኝ። “አናገርካት?” ስለው “ምን መነጋገር ያስፈልጋል፣ ፊቷ ላይ አየሁት እኮ” አለ። ያን ጊዜ ማን እንደሆነች አላወቅኩም… እህትሽ መሆኗ አሁን አንቺ ስትነግሪኝ ነው የገባኝ።

ግን ረውዳ፣ ሽማግሌው ለአባትሽ ተላከ፣ ለአጎትሽ ተነገረ፣ አንቺም እኔን ልትጠይቂ ዙሪክ ድረስ መጣሽ። እሷንስ? … እሷን የጠየቃት አለ?

ምን ፈለግሽ? ስልክ? ደውዪ፣ ደውዪ። እኔ አልሰማሽም፣ ጥብሴን እበላለሁ።

… ምን አለች? “የቱ?” … ኧረ በደንብ አስረጃት! ቁመቱን ንገሪያት፣ ሸሚዙን ንገሪያት። … “ያ ‘ሪያን’ ሲሉት ‘ቀጥሉ’ ያለው?” … ሁለታችሁም አትሳቁበት! የሰው ልጅ ነው! … ምን? ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ራሷ ወጥታ ልትነግራቸው ነው? “አልፈልግም” ብላ? በአማርኛ? … አየሽ፣ ሲጠይቋት የምትመልስ ልጅ ናት፤ አስተዳደጋችሁ ነው።

በይ እንግዲህ እጅሽን ዘርጊ። ሰው ሞኝ ነው ተብሎ ዱዓ አይነፈግም፤ ደግሞ እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አላህ ዕድሜውን ያርዝመው። ሲሳዩን ያስፋለት። ከዚህች የተሻለች፣ ትዕግሥቷ ባሕር የሆነ ሚስት ይስጠው። ልጅ ይስጠው፤ ብዙ ልጅ፣ ቤቱን የሚሞላ። ወንዱም ሴቱም በመልክ እሱኑ ቁርጥ ይበሉ… በመልክ። የቀረውን ሁሉ ደግሞ ያ ረሕማን፣ አደራህን፣ ከእናታቸው ወገን ሙላላቸው።

አሚን በይ እንጂ!