ከዳዊቱ ራስጌ የተማረ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ መጽሐፍ እንዲህ እንደ ዛሬው ሱቅ ተገብቶ የሚገዛ አልነበረም። አንድ ደብር ሙሉ ሕዝብ፣ አንድ ዳዊት፣ አለቀ! አያቴ ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ እሱም ቢሆን በዕድሜው ያነበበው የጻፈውን ነው፣ ሦስት ዳዊትና አንድ ገድል። "ሌላስ ምን አነበብህ?" ስለው "ሌላ ደግሞ ምን አለ?" ብሎ ተቆጣኝ። የቀረው ሰው ክታቡን በቆዳ አሰፍቶ አንገቱ ላይ አስሮ ይዞራል፣ ከፍቶ ያነበበው የለም፣ ምን እንደሚል የሚያውቀው የጻፈው ደብተራ ብቻ ነው፣ እሱም ከረሳው ረሳው።

ታዲያ እኔ የተማርሁት ጃናሞራ ነው። የኔታ ዳዊቱን መሬት ላይ ያኖሩታል፣ እሳቸው በግርጌው ይቀመጣሉ፣ ሁለት ተማሪ በግራ በቀኝ፣ እና እኔ ከሁሉ ኋላ ስለመጣሁ ቀርቶ ያገኘሁት ቦታ ከራስጌው ነው፣ ከየኔታ ፊት ለፊት። ገባችሁ? እሳቸው ቀጥ አድርገው ያዩታል፣ እኔ ተገልብጦ ነው የማየው። ፊደሉንም ያወቅሁት ከዚያችው ቦታ ሆኜ ነው፣ እሱም አንዲት ቁራጭ ብራና ናት፣ መሬት ላይ ተዘርግታ። "በ" ለእኔ እግሯን ወደ ሰማይ ሰቅላ የተጋደመች ናት፣ እንዲያ ነው የማውቃት። ሌላ መልክ አላት ብሎ ማን ነገረኝ! የኔታ "በል አንተ!" ይሉኛል፣ እላለሁ፣ ጥርት አድርጌ፣ እና "ጎሽ!" ይሉኛል። አንድ ቀን "ና ከጎኔ ተቀመጥ" ቢሉኝ ዳዊቱ ጠፋብኝ። አንዲት ፊደል የማውቃት የለችም! "የኔታ፣ መጽሐፉን ማን ቀየረው?" ልል አፌን ከፍቼ፣ ገባኝና ዘጋሁት። አፈርሁ። ከዚያ ወዲህ ለብቻዬ ሳነብ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ ገልብጬ ነው።

እና አደግሁ። አድጌም ይቺን፣ ይቺን ከጎናችሁ የተቀመጠችውን የሺን አየሁ። ምን ልደብቃችሁ፣ ወደድኋትና እህል አልበላ አለኝ። አባቷ መሪጌታ ናቸው፣ ቤታቸው ከደባርቅ በላይ፣ ወደ ቡይት ራስ መውጫው ላይ። ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። መሪጌታ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ልጄን ለመሃይም አልሰጥም። ይምጣና ከፊቴ ያንብብ!" ከሽማግሌዎቹ አንዱ አያ ብሬ ነው፣ አፈ ጮሌ፣ እየሳቀ መጣ። "ይኸውልህ፣ ቀላል ነገር ነው ያሉህ" አለኝ። ለእሱ ቀላል!

ሄድሁ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አወጡና ሰጡኝ። ምን ላድርግ? ተሳለምሁና ገለበጥሁት። መሪጌታ ዓይናቸውን አፈጠጡ።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ላነብ ነው፣ አባቴ።"

"ገልብጠህ? ዳዊት ገልብጦ የሚይዝ መሃይም ብቻ መሰለህ? አስማተኛ ነው! ጎበዝ፣ አስማተኛ ነው ያመጣችሁብኝ!"

አያ ብሬ ብድግ አለ። "ኧረ ይስሙት፣ አንቱ! ደግሞ ለማንበቡ ምን አለበት?" እኔም ፈጠን ብዬ አነበብሁ፣ አንድ መዝሙር ሙሉ፣ አንዲት ሳልስት። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በቃሉ ነው። ዳዊትን በቃሉ የማይል ተማሪ የት አለ? ዓይቶት የማያውቀውን ያንብብ፣ ያን ጊዜ አምናለሁ።"

ታዲያ ዓይቼው የማላውቀው ጽሑፍ ከየት ይምጣ? አገሩ ሁሉ አንድ ዳዊት ነው! ሲታሰብ ሲታሰብ፣ አያ ብሬ "ደባርቅ፣ እትየ ዘውዴ ጠላ ቤት ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል" አለ። መሪጌታ ጠላ ቤት ረግጠው አያውቁም። ቢሆንም "ለእውነት ሲባል እሄዳለሁ" አሉ፣ እና በገበያ ቀን ወረድን።

ቤቱ ጢም ብሏል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፣ "አስማተኛው መጣ" ይላሉ። ግድግዳውን አየሁት፣ ልጆቼ፣ አለቀልኝ! ቤቷ ተከራይቶ የነበረ አስተማሪ ነው አሉ የለጠፈላት፣ ቀጥ አድርጎ፣ አንዷን ወረቀት እንኳ ሳያዛንፍ። እግዜር ይይለት! መሪጌታ በመቋሚያቸው ጠቆሙ፣ "ከዚህ ጀምር።" አንገቴን አጣመምሁ፣ ወገቤን አጣመምሁ፣ አልሆነም። ላብ አጠመቀኝ። ያን ጊዜ የሺ ከእጄ ስትወጣ ታየችኝ።

"ተገልብጦ ካልሆነ አልችልም" አልሁ፣ እውነቱን ተናገርሁ።

አንዱ ጠጪ "እንላጠውና እንገልብጥለት!" አለ። እትየ ዘውዴ መቅጃዋን ይዛ መጣች። "ማነው ቤቴን የሚልጥ? ይሞክራትና! ለማንም ጋብቻ ብሎ ቤቴን የሚያፈርስ!"

አያ ብሬ ጽዋውን አስቀመጠ፣ አፉን ጠረገ፣ እና ምን አለ? "ግድግዳው ካልተገለበጠ ሰውዬው ይገለበጥ!"

ጋቢዬን አወለቁ። ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ሊያጋቡኝ የመጡት የተከበሩ ሰዎች፣ ሁለቱ እግር እግሬን፣ አንዱ ወገቤን ይዘው ሰቀሉኝ። እጄ መሬት፣ እግሬ ጣራ። አንዱ ከኋላ "ቁም ንባብ እናውቃለን፣ ይሄ ምን ንባብ ይባላል?" ይላል። እኔ ግን ፊደሏን አየኋት! እያንዳንዷ የማውቃት፣ የልጅነቴ! ደስ ብሎኝ ጮኼ አነበብሁ። ያነበብሁትስ ምን ነበር? ለጋብቻ የመጣ ሰው፣ የፍቺ መጥሪያ! "አመልካች ወይዘሮ እገሊት፣ ተጠሪ አቶ እገሌ፣ አድራሻቸው ስላልታወቀ ቀርበው መልስ እንዲሰጡ።" መሪጌታ በመቋሚያቸው እየተከተሉ ቃል በቃል ያያሉ። "ልክ ነው... ልክ ነው... እና የት ሄደባት?"

"አይልም፣ አባቴ።"

"ከታች አለ እንዴ? ቀጥል!"

ከታች የሳሙና ማስታወቂያ ነው። ቤቱ ሁሉ "ቀጥል! ቀጥል!" አለ። ያን ሁሉ ዓመት ጀርባቸውን ተደግፈውበት ሲጠጡ ግድግዳው ምን እንደሚል የነገራቸው ሰው የለማ! ሽማግሌዎቹ ሲደክማቸው ጠጪው ተተካ፣ እግሬን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ከጓዳው በር እስከ መስኮቱ አዞሩኝ። የዝናቡን ወሬ አነበብሁ፣ የጠፋ በቅሎ አነበብሁ፣ አንድ ሰው ከሹመቱ መነሣቱን አነበብሁ፣ "እሰይ!" አሉ፣ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያውቁት። ደሙ ጭንቅላቴ ላይ ወርዶ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ዓይኔ ይቀላል፣ ድምፄ ሰለለ።

ያኔ መሪጌታ መቋሚያቸውን መሬት መቱ። "አውርዱት! ልጄን ሳትዳር መበለት ልታደርጉብኝ ነው?"

አያ ብሬ ተራው ደርሶት የያዘውን እግሬን ለቆ እጁን ወደ ላይ! "ሰማችሁ? ሰማችሁ ጎበዝ? ሰጡ!" እልል ተባለ። እኔ በግንባሬ ወደቅሁ፣ ይቺ ጠባሳ የዚያን ቀን ናት፣ እዩዋት።

እና ተጋባን። ማንበብም አስተማርኋት፣ ከፊቴ አስቀምጬ። እኔ ገልብጬ ስይዘው ለእሷ ቀጥ ይላል፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት፣ ተጣልተንበት አናውቅም። አሁን ይቺ የልጅ ልጄ "አባባ፣ በስልክ ያንብቡ" ትለኛለች። ስልኩን እገለብጠዋለሁ፣ ጽሑፉ ዞሮ ቀጥ ይላል። መልሼ እገለብጠዋለሁ፣ እሱም ይመለሳል! አማቴስ አንዴ እሺ ካሉ እሺ ነው፣ ይሄ ግን እሺ አያውቅ!

ብቻ ደግነቱ፣ የሺ ያን ቀን ተሰቅዬ አላየችኝም። ያን ውርደቴን ሌላው ይይ፣ እሷ ብቻ አትይ ብዬ ተስዬ ነበር፣ ስለቴንም ሰጥቻለሁ።

(እማማ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።)

"ማን አላየም? ገበያ ብዬ ወርጄ በመስኮቱ ሳይህ ነበር እንጂ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።"

"አንቺ! ይሄን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?"

"ምን ልበልህ? ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬህ ኖርሁ፣ እንደዚያን ቀን ቀጥ ብለህ ቆመህ አላየሁህም።"