የሦስት ፈረሱላ እናት

— አሎ… አሎ። ማነው? … ገብረ ሥላሴ? እኔ ነኝ፣ እናትህ። … እህተማርያም ነኝ አልኩህ፤ ስንት እናት አለህ? … አይ፣ አልሞትኩም። ሆሳዕና ስልክ ቤት ቆሜ ነው የማነጋግርህ፤ ብሞት ስልከኛው ቸኮል መስመሩን አይሰጠኝም ነበር።

— … ማን ጻፈልህ? … ወንዳፈረው፣ ቆዳ ነጋዴው። እስቲ አንብብልኝ። … «እናትዎ አምና አራት ፈረሱላ ነበሩ፤ ዘንድሮ ሦስት ሆነው ስለተገኙ ፈጥነው ይድረሱ።» … አልዋሸም። መስቀል ባለፈ ማግስት በእሱ ሚዛን እንመዘን የለም? አንተም ልጅ ሆነህ ተመዝነሃል። ሰዉ ሁሉ ቅቤና ሥጋውን በልቶ ሲጨምር እኔ አንድ ፈረሱላ ጎደልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ቀብሮኛል።

— … እንዴት ማለት? ማኅበሩ ለተዝካሬ ጠላ ብቅል ዘፍዝፏል። … ሳያማክሩኝማ አይደለም፤ ስንት ቁና ይበቃል ብለው ጠይቀውኛል። አባ ተክለ ሃይማኖትም በየማለዳው ደጄ ብቅ ይላሉ። ደኅና መሆኔን ሲያዩ ትንሽ ቅር ይላቸዋል።

— … ቆይ ባፈና፣ ልጄን እያነጋገርኩ ነው። … ጎረቤቴ ባፈና ነው። የቡላ ገንፎ በቅቤ ይዞ እዚህ ድረስ ተከትሎኛል። «ሲያወሩ ቢወድቁስ» ይላል።

— … ምን ልትልክ? … ሦስት በቅሎ? አንዷ ለእኔ። … አንዷ ለዕቃዬ፤ እሺ። ሦስተኛዋስ? … ጮክ ብለህ ተናገር። … መንገድ ላይ ብሞት ለአስከሬኔ። አስበህበታል፣ እግዜር ይስጥህ።

— አልሄድም። ቤቴ እዚህ ነው፣ እንሰቴ እዚህ ነው፣ አባትህ የተቀበረው እዚህ ነው። አዲስ አበባ ብመጣ አበራሽ ፍራሽ ላይ አስቀምጣ ትቀልበኛለች፤ ዓመት ሳይሞላኝ በእውነት እሞታለሁ። … ሚስትህን አላማሁም፤ ፍራሹን ነው።

— … ከስቻለሁ፣ አልክድም። ለምን እንደከሳሁ ግን ማንም አልጠየቀኝም። በቅሎዬ ከሞተች ወዲህ ሌሞ ካለው እርሻዬ ድረስ የምመላለሰው በእግሬ ነው። የጎደለው ሆዴ ነው። ያ ሚዛን የቱ ስብ፣ የቱ ሥጋ እንደሆነ አይለይም፤ የተሠራው ለቆዳ ነው።

— … አዎ፣ ሐኪምም አይቶኛል፤ ባለፈው በዚህ ያለፈው ፈረንጅ። ጭኔን በቀሚሴ ላይ ጫን ጫን አደረገና በርጩማ ላይ አስቀመጠኝ። «ሳይደገፉ ይነሡ» አለኝ። አምስት ጊዜ ተነሣሁ። ቀጥሎ ወንዳፈረውን፣ ሰባት ፈረሱላውን፣ ተነሥ አለው፤ በርጩማው አብሮት ተነሣ። … ምን አለ? ሽማግሌን የሚያቆየው የጭን ሥጋ ነው አለ። የሚያስፈራው እሱ አልቆ በቦታው ሆድ ሲመጣ ነው አለ። ወንዳፈረው ይህን ጽፎልሃል? … አይጽፍም።

— … አላመንክም። ቸኮል፣ በርጩማህን ወዲህ በል። … ገብረ ሥላሴ፣ ቁጠር። አንድ። … ሁለት። … ባፈና፣ ገንፎውን ከፊቴ አንሣው። … ሦስት። … አራት። … አምስት። ቸኮል፣ ያየኸውን ተናገር፣ ይስማህ። … ሰማኸው?

— … ታዲያ ማነው እንዲህ የሚያለከልከው? … መስመሩ አይደለም። የተነሣሁት እኔ፣ የምታለከልከው አንተ። … ደረጃ ወጥተህ? ስንት ነው ደረጃው? … ስምንት። … ከመደወልህ በፊት የወጣኸውን እስካሁን? … ዕድሜህ ስንት ሆነ? … አትቀንስ፣ እኔ ነኝ የወለድኩህ። ሃምሳ አራት።

— ወንበር ላይ ነህ? እጅህን አጣምርና ተነሥ። … የመሥሪያ ቤትህ ጸሐፊዎች ይዩሃ። ተነሥ ብዬሃለሁ። … አንድ። … አንድ። … እየጠበቅሁህ ነው፣ አንድ።

— … አሎ? ምንድን ነው የተሰበረው? … ገብረ ሥላሴ? … ወንበሩ። አንተስ? … ተመስገን።

— እንግዲህ ስማ። በቅሎዎቹ ገና አልተነሡም አይደል? … ደግ። ራስህ ይዘሃቸው ና። ከእንግዲህ የምጦርህ እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ሌሞ አብረን በእግራችን እንወርዳለን። … ብቅሉም አይባክንም፣ ለመምጫህ ጠላ ይሆናል። … አዎ፣ አንዷን ለዕቃህ፣ አንዷን ሲደክምህ ትቀመጥባታለህ። … ሦስተኛዋን? ሦስተኛዋን ሳትጭናት ይዘሃት ና። አስበህበታል።

— … አሎ? … አሎ? … ዘጋው፣ ቸኮል። ባፈና፣ በል ገንፎውን አምጣው፤ ራበኝ።